አቶ አይሆንም

ፎርማኑ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ነው። መጀመሪያ የታየው ጫማው ነበር። ከስንዴ ጆንያ ሥር አንድ ጫማ ወጣ ብሎ ያየው ዘበኛ፣ ሰው ጥሎት የሄደ መስሎት ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ሲስበው ግን ጫማው ውስጥ እግር ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ወዛደሮቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ቆመዋል። ግቢው የጭነት ማዘዋወሪያ ግቢ ነው። ከባሕር ወደብ የሚመጡት ትልልቅ ተሳቢዎች ከዚህ ወዲያ አያልፉም፤ ከፊት ያለው ድልድይ አይችላቸውም። ስለዚህ ትልቁ መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ትንሹም ጀርባውን ያስጠጋለታል፣ ወዛደሮቹ በሁለቱ መካከል ሳንቃ ዘርግተው ጆንያውን በትከሻቸው ያሻግራሉ። እዚህ ግቢ ውስጥ ትልቁ ኃጢአት መዘግየት ነው። ዕቃ ከቆመ አንድ ሰው ይሰደባል፣ ብዙ ጊዜም የሚሰደበው ፎርማኑ ነበር።

ሟቹን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ግቢው ሁሉ «አቶ አይሆንም» ነበር የሚለው። መኪናዬን እዚህ ጋ ላቁም? አይሆንም። ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ? አይሆንም። ምክንያቱን ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም። «ሲወለድም እንዳታለቅስ ቢሉት አይሆንም ያለ ነው» እያሉ ይስቁበት ነበር። ዛሬም ቀልዱ ምላሳቸው ላይ ይመጣና፣ አስከሬኑን ሲያዩ ዋጥ ያደርጉታል።

«አደጋ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ቅዳሜ ጠዋት እንኳን ክራባቱን አልፈታም። «ክምር ተደርምሶበት ነው። ሁሌ እንጠንቀቅ እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።»

«ከየት ነው የተደረመሰው?»

«እንዴት ከየት?»

ኢንስፔክተሩ ዙሪያውን አሳየው። ግድግዳውን ተጠግተው የቆሙት ክምሮች ሁሉ እስከ ላይኛው ረድፍ ሙሉ ናቸው። አንድ ክምር ብቻ ከላይ ጎደል ብሏል፤ እሱም ቢሆን ሰው አንሥቶበት እንጂ ወድቆ የጎደለ አይመስልም። የሟቹ የራስ ቅል ከኋላ ተሰብሯል። ከፊቱ ያለው የወለል ሚዛን የብረት ጠርዝ ላይ ደግሞ በጨርቅ የተጠረገ ደም ደርቋል።

«ሰው ከሞተ በኋላ ሚዛን አይወለውልም» አለ ኢንስፔክተሩ። ፎቶ አንሺውንም «እያንዳንዱ ጆንያ ከመነሣቱ በፊት ከአራቱም ጎን አንሣው» ብሎ አዘዘው። ሥራው ላይ ሲሆን እንዲህ ያለ ግትርነት ነበረበት፤ የጨጓራው ሕመምም ከዚያ የመጣ ነው ትላለች ሚስቱ።

ከፎርማኑ ጋር ማን ተጣልቶ እንደነበር ሲጠይቅ ጣት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ። የመውጫው በር አጠገብ ሸራው የታሰረ አንድ መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። አንገቱ ላይ ትኩስ ጭረት ነበር።

«ትናንት ከፎርማኑ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ተጣልተናል ጌታዬ። ኮሌታውን ይዤዋለሁ፣ እሱም ቧጥጦኛል። ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል? ጠዋት ሰው ሁሉ አይቶናል።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ጭኜ ቆሜያለሁ! ከረቡዕ ጀምሮ ሸራዬን አስሬ ቆሜያለሁ። መውጫ ወረቀት ስጠኝ ስለው፣ አይሆንም። ለምን? አይሆንም። ምን ጎደለኝ? አይሆንም። በአንድ ቃል ሰው ያብዳል ወይ ቢሉኝ፣ እኔ አብጃለሁ።»

«ጉርሻ ፈልጎ ይሆናል።»

«እኔም መስሎኝ እጄን ወደ ኪሴ ብልክ ሰደበኝ። አቶ አይሆንም ደረቅ ነው እንጂ እጁ ንጹሕ ነው፤ ይሄን የሞተ ሰው ላይ አልዋሽም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተናድጄ ዋልኩና ሲመሽ ገብቼ ተኛሁ።»

«ማን አየህ?»

«ብቻዬን ተኝቼ ማን ሊያየኝ ነው?» አለ ሹፌሩ። ሲናገረው ራሱም ምን እንዳለ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ።

ታሰረ። መኪናውም ጭነቱን እንደያዘ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከሰዓት በኋላ የሹፌሩ አባት መጡ። ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የጨረሱ፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ መኪናውም የእሳቸው ነው። ልጃቸውን በመስኮት አዩት፣ አልተናገሩትም። ከዚያ ሄደው የጋቢናው መረገጫ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አላቸው ኢንስፔክተሩ።

«ልጄን አስራችሁብኛል፤ እሱን ላስፈታ ብል አልችልም። መኪናዬን ግን ብቻውን አልተወውም። ስትፈልግ እኔንም እሰረኝ፤ ጎን ለጎን እንሆናለን።»

ተዋቸው። የጣቢያው አዛዥ ግን ኢንስፔክተሩን አልተወውም። «ጠብ አለ፣ ጭረት አለ፣ የት ነበርክ ሲባል የሚመሰክርለት የለም» አለው። «ማክሰኞ መዝገቡ በሹፌሩ ስም ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሌላ ሰው ካለህ ከዚያ በፊት አምጣ።»

ኢንስፔክተሩን ያሳሰበው ይህ ነው። ያ ሹፌር ተናዶ ሰው ሊገፋ ይችላል፤ ኮሌታ መያዙን እንኳ ለመደበቅ ያልሞከረ ሰው ግን ደም ጠርጎ፣ ጆንያ ተሸክሞ ሬሳ አልብሶ፣ ከሬሳው አጠገብ ተኝቶ አያድርም። ማክሰኞ ከሄደ ደግሞ የሚመልሰው የለም። ኢንስፔክተሩ እንዲህ ያለ መዝገብ ከእጁ ወጥቶ ሰው ሲበላ አይቷል።

እሑድ ሥራ አስኪያጁ ጣቢያ ድረስ መጣ። ስለ ሟቹ ያዘነ ሰው ድምፅ ይዞ ጀመረና ቶሎ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ሹፌሩን ያዙት፣ መኪናውንም ያዙት፤ ሕግ ነው። ጭነቱ ግን ምን አጠፋ? ወንዝ ዳር ጀልባዎች ቆመው እየጠበቁ ነው። ሌላ መኪና ላምጣና ላዛውረው።»

«ምንድነው የጫነው?»

«ስንዴ ነው። እህል።»

ኢንስፔክተሩ ሄዶ ሸራውን ገለጥ አደረገው። ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ አዲስ ነጭ ጆንያ። አንዱን በእጁ ጨበጥ አደረገው፤ እህል ነው።

«ታዲያ ፎርማኑ ለምን ከለከለው?»

«ሱስ ነበረበታ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አይሆንም ካላለ ቀኑን የዋለ አይመስለውም ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ሳይወድ ሳቀ። ጭነቱን በምርመራው ውስጥ የሚያስቀረው ምክንያት ፈለገና አጣ። «ይሂድ። ጭነቱ አልገደለው» አለ።

አንድ መኪና ገብቶ ጀርባውን አስጠጋ። ተሸካሚዎቹ ፊታቸው አዲስ ነው። «የኛዎቹ ሐዘን ላይ ናቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ ሳይጠየቅ። የሹፌሩ አባት መረገጫው ላይ እንደተቀመጡ፣ ከኋላቸው የልጃቸው ጭነት ጆንያ በጆንያ ሲያልቅ ዘወር ብለው አላዩም። መኪናው እየቀለለ ሲሄድ የተቀመጡበት መረገጫ ከፍ ሲል ይሰማቸው ነበርና፣ ሲጨርሱ «ባዶ ሆነ» ብቻ አሉ።

በዚያው ቀን የሟቹን ሚስት ቤቷ ውስጥ ሰው ከቧት አገኛት። ኢንስፔክተሩን ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች። ለቅሶው ደክሟት ይሁን ከጥንትም እንዲህ ትሁን፣ በደረቁ ነበር የምታወራው።

«ጠላት ነበረው ወይ ነው የምትለኝ? ማን ነው የሚወደው? እኔም ከሱ ጋር መጣላት ከግድግዳ ጋር መጣላት ሆኖብኝ ነው የተውኩት።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አላየሽበትም እህቴ?»

በእግሯ መሬቱን አሳየችው። አጥሩ ሥር የተቃጠለ ነገር አመድ አለ።

«የሥራ ካፖርቱ ነው። ያለፈው እሑድ፣ በዕረፍት ቀኑ ተጠርቶ ሄዶ ሲመለስ አቃጠለው። ልጆቹ ሮጠው ሊያቅፉት ሲሉ ጮኸባቸው። ከዚያ መታጠብ ጀመረ። እጁን ይታጠባል፣ ደግሞ ይታጠባል፣ እስኪላጥ። ምን ሆነሃል ስለው፣ አትጠይቂኝ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ዓርብ ለቀብር ለበሰ። የአንድ ወዛደር ልጅ ሞታ ነበር፤ ግንበኛ የሚሉት አለ፣ የሱ ልጅ። በሩ ላይ ደረሰና ተመለሰ። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ለገዛ እናቱ ያላለቀሰ ሰው ነው። ሲመሽ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።»

የፖሊስ ሐሳብ ክፉ ነው። ኢንስፔክተሩ በመንገዱ ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ደረቅ ሰው ለሌላ ሰው ልጅ እንዲህ የሚያለቅሰው፣ ልጅቱ የሌላ ሳትሆን የራሱ ከሆነች ነው። የተላጠው እጅና የተቃጠለው ካፖርት እዚህ ታሪክ ውስጥ አልገባ ቢለውም፣ በግድ አስገባው።

ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ይዞ መጋዘኑ ሄደ። ወዛደሮቹ መኪና እየጠበቁ ተቀምጠዋል። አንድ ቀጭን ሰውዬ አጠገባቸው ቆሞ ያጨሳል።

«ግንበኛ የት ነው?»

«ቤቱ ነው። ልጁን ዓርብ ነው የቀበረው።»

«ከሚስቱ ጋር ሰላም ናቸው?»

ቀጭኑ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ወደዚያ አይሂዱ ጌታዬ» አለ፣ ቁጣው ሳይደበቅ። «እንደነሱ የሚዋደድ እዚህ ሰፈር የለም። ሚስቱ እኮ እዚሁ ናት፣ ጠራጊ ናት። ሲያልፍ ሲያገድም ዓይኑ እሷ ላይ ነው።»

«ዓርብ ሲመሽ እናንተ የት ነበራችሁ?»

«ሁላችንም ቀብር። ከዚያ እሱ ቤት። ሰፈሩን ጠይቁ።»

«እሱም አብሯችሁ ነበር?»

«የት ይሄዳል? ልጁን ቀብሮ!» አለና ሲጋራውን ረግጦ አጠፋ። «ከቀብር ስንመለስ ለብቻዬ ተዉኝ አለን። ተውነው። በኋላ መጣ።»

ኢንስፔክተሩ አፈረ፤ ግን የሰማውን አልጣለም። መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ገብቶ ፎቶዎቹን የሚዛኑ ጠርዝ ላይ ደረደራቸው። ደጋግሞ አያቸው። የጆንያ አፍ በወፍራም ክር ይሰፋል፤ የተሰፋው በኩል ከግድግዳው ወገን በተነሡት ፎቶዎች ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ሬሳው ላይ የነበሩት ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ አፋቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል። የተደረመሰ ጆንያ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያያል። ይህን የደረደረ ሰው እንደ አደጋ ሊያስመስል ፈልጎ፣ ግን እየተጣደፈ እንኳ እያንዳንዷን አዙሮ ነው ያስቀመጣት። ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ በግድግዳው ዙሪያ ያሉትን ትልልቅ ክምሮች አየ። እነሱም አፋቸው ወደ ውስጥ፣ ወደ ግድግዳው ነው።

ወጥቶ ቀጭኑን ጠየቀው። «ጆንያ ሲደረደር አፉ ወደ የት ነው?»

«ወደ ውስጥ። ክሩ ቢፈታ እህሉ እንዳይፈስ። ግን እኛ ተሸካሚዎች ነን፣ ወርውረን ነው የምንሄደው። የሚያዞረው ደርዳሪው ነው።»

«ደርዳሪው ማን ነው?»

ቀጭኑ ጥሎት ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ግንበኛ የሚለው ቅጽል ስም ለምን እንደወጣ ለመረዳት ኢንስፔክተሩም ሌላ መልስ አላስፈለገውም።

ሊሄድ ሲል ደግሞ ዓይኑ መኪኖቹ ጀርባ ለጀርባ የሚቆሙበት ቦታ ላይ አረፈ። ወለሉ ላይ ስንዴ ፈስሷል። ጥቂት አይደለም፤ ሰው እየረገጠው የሚያልፍ ነው። ይህ ግቢ በጠራጊ ሴቶቹ የታወቀ ነው። ከጆንያ የሚንጠባጠበው የእነሱ ነው፤ ማንም አልፈቀደላቸው፣ ማንም አልከለከላቸውም። ለአንድ ጭብጥ ሲሻሙ መጥረጊያ ለመጥረጊያ የሚማቱ ናቸው። ዛሬ ስንዴው መሬት ላይ ተበትኖ አንዲት ሴት የለችም።

ጎንበስ ብሎ ጥቂት ፍሬ አነሣ። በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ቀላ ብሎ ነበር።

የጠራጊዎቹን አለቃ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ቤታቸው ከግቢው አጥር ጀርባ ነው። በሩን ከፍተው ፖሊስ ሲያዩ፣ ምንም ሳይጠየቁ ቁጭ አሉ።

«እትዬ፣ ወለሉ ለምን አልተጠረገም?»

«ሐዘን ላይ ነን።»

«ሐዘንተኛ አይበላም?»

ሴትዮዋ በእጃቸው ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ማቆሚያ አልነበረውም።

«ረቡዕ ዕለት ነው። ያ ከረቡዕ ጀምሮ የቆመው መኪና ሲጫን። አቶ አይሆንም መጣና፣ ዛሬ አትጥረጉ አለ። ለምን? አይሆንም። ምን አጠፋን? አይሆንም። ታዲያ እሱ መቼ ይሆናል ብሎ ያውቃል? ቅናት ነው አልን። ወንዶቹ ከበው ቆሙልን፣ እንዳያየን። በመንጠቆ ጆንያ ወጋ ወጋ አደረጉልን፣ በደንብ እንዲፈስ። ሁሌ ነው የሚያደርጉት፤ ሌቦች ብለህ ጻፍ፣ ጻፈን።»

«ከዚያስ?»

«ቀላ ያለ ነበር። አፈር ያለበት መሰለን። አጠብነው፣ እስኪነጣ አጠብነው። የኔ ገና ሳይፈጭ ነው ወሬው የመጣ። የሌሎቹ ቤት ሁሉም ታመመ፣ አስመለሳቸው፣ ተረፉ። የግንበኛ ልጅ ግን…» በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ሕፃን ናት። ሐሙስ ሳይነጋጋ አለቀች።»

«ጆንያውን የወጋው ማን ነው?»

«ልጄ፣ ይሄን አትጠይቀኝ።»

«እትዬ።»

«እሱ ነው። አባቷ። ለሚስቱ ብሎ።»

«ለምን ለጤና ጣቢያ፣ ለፖሊስ፣ ለአንድ ሰው አልተናገራችሁም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምን ብለን? ስንሰርቅ ታመምን ብለን? ነገ ጥራጊው ይከለከላል፤ ከዚያ ምን እንበላለን?»

ግንበኛ ቤቱ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ከውስጥ ክፍል አልወጣችም። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ተቀመጠና አንዱን ፎቶ ጉልበቱ ላይ አኖረለት።

«ወንድሜ፣ ይሄን ማን ደረደረው?»

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየው። የሥራውን ነገር የሚያይ ሰው አስተያየት ነበር።

«የኔ እጅ ነው» አለ።

«ንገረኝ።»

«የተደረመሰ ለማስመሰል ነበር። ዝም ብለህ ጣለው አልኩት እጄን። እምቢ አለኝ። አነሣለሁ፣ አዞራለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሳላውቀው።»

«ለምን ገደልከው?»

«ከቀብር መልስ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። እግሬ ግቢው ወሰደኝ፤ ሌላ የማውቀው ቦታ የለኝም። እሱ ከዕቃ ክፍሉ ባዶ ጆንያ ያወጣል፣ ሊያቃጥል። ጆንያው ላይ የራስ ቅል ተስሏል። ማንበብ ለማይችልም ይገባዋል እኮ ጌታዬ። ይሄ ምንድነው አልኩት። መጀመሪያ እንደ ልማዱ አይሆንም፣ ውጣ አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ጆንያውን ከእጁ ጣለው። ተናገረ።»

«ምን አለህ?»

«የዘር ስንዴ ነው አለኝ። ተባይ እንዳይበላው መርዝ የተቀባ። ምልክት ያለበት ጭነት ለብቻው፣ በልዩ ፈቃድ ነው የሚዛወረው፤ ይዘገያል። ሥራ አስኪያጁ እሑድ ከሌላ ቦታ ሰው አምጥቶ ወደ ነጭ ጆንያ አስገለበጠው። ሰዎቹን ያሠራኸው አንተ ነህ፣ ብትናገር መጀመሪያ የምትሰቀለው አንተ ነህ አለኝ አለ። አትጥረጉ ብዬ ነበር አለኝ። አይሆንም ብያችሁ ነበር፣ አይሆንም ብያችሁ ነበር፣ እያለ ያለቅሳል።»

ሰውየው እጁን ዘረጋና አየው።

«የወጋሁት እኔ ነኝ። ለልጄ እህል ላበዛ ብዬ፣ በዚህ እጄ። እሱ ሲያለቅስ ሳይ ይሄን አሰብኩ። ራሴን የማደርገው ሲጠፋኝ እሱን ገፋሁት። ሚዛኑ ላይ ወደቀ። እንዲሞት ፈልገህ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አላውቅም። ግን አንድ ቃል እኮ ነበር። መርዝ ነው ቢለን፣ ማን ይነካዋል? ለምን አልነገረንም?»

«ፈርቶ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘም።

«ሹፌሩን አሰሩት ሲሉኝ ነገ እመጣለሁ እያልኩ ነበር። ሚስቴን ማን ላይ እንደምጥላት ጠፍቶኝ ነው። ልጁ ምንም አያውቅም፤ ተጣላ እንጂ። አቶ አይሆንም እንኳ ያን ምሽት፣ መኪናውን ይዤዋለሁ፣ እኔ እያለሁ ከዚህ በር አይወጣም አለኝ። አሁን ምን ያደርግልኛል ብዬ…»

ኢንስፔክተሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር። ለምን እንደተነሣ ራሱ ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው። ፎርማኑ ሸራው የታሰረ መኪና በር ላይ አቁሞ ከረቡዕ ጀምሮ የያዘው፣ አንገቱን ታንቆ እንኳ ያልለቀቀው፣ ያንን ጭነት ነበር። ማንንም ደፍሮ ያልተናገረ ፈሪ ሰው፣ በአንዲቷ በሚያውቃት ቃል መንገድ ዘግቶ ቆመ። የከፈተው ኢንስፔክተሩ ነው።

ግንበኛ ሚስቱን ከበሩ ላይ ሆኖ ተሰናበታት። እጁን ለካቴና ሲዘረጋ ኢንስፔክተሩ አላሰረውም። እየተጣደፉ ጎን ለጎን ወደ ጣቢያው ሄዱ።

ሹፌሩ ተፈታ። ወጥቶ አባቱን እጃቸው ላይ ሳመና ቀጥታ ወደ መኪናው ሄደ። ከኋላ ያለውን የጭነት ስፖንዳ አየ።

«ጭነቴስ?»

«ትናንት ወሰዱት» አሉ አባትየው። በአገጫቸው ኢንስፔክተሩን አመለከቱ። «እሱ ፈቅዶ።»

ሹፌሩ ሊቆጣ ዞረ፤ የኢንስፔክተሩን ፊት ሲያይ ባዶውን ስፖንዳ ዘጋው።

አዛዡ ቢሮው ውስጥ ደስ ብሎት ነበር። ገዳዩ አምኗል፣ ማክሰኞ አልደረሰም። የሥራ አስኪያጁ ነገር ሲነሣ ግን ድምፁ ቀዘቀዘ። «እሱን በእርጋታ ነው የምንይዘው። ትእዛዙን የሰማው ሰው ሞቷል፣ የቀረው የነፍሰ ገዳይ ቃል ነው። ወንዝ ዳር ደውለህ ጭነቱ ይቁም በል። ይበቃል። መርዝ ምናምን ብለህ አገር እንዳታሸብር፤ ይጣራ መጀመሪያ።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን አነሣ። ወንዝ ዳር ያለው የማዘዋወሪያ ጣቢያ ቶሎ አልመለሰም። ሲመልስ የሚያናግረው ሰው ከውጭ የጀልባ ሞተር እየበለጠው ይጮሃል።

«ትናንት ከኛ ግቢ የተነሣ ነጭ ጆንያ፣ ስንዴ። ደርሷል?»

«ደርሷል! ዛሬ ጠዋት ወደ ጀልባ አዛወርነው። ወጥቷል እኮ።»

«ስንት ጀልባ ላይ? ወዴት?»

«ሦስት። ላይኛው መንደሮች ነው፣ በየዳርቻው እያራገፉ ይሄዳሉ። ምነው? ጎደለ እንዴ?»

«ሲዛወር የፈሰሰውስ?»

«የፈሰሰው?»

«መሬት ላይ የቀረው። ጥራጊው።»

ሰውየው ሳቀ። «አይ፣ እሱማ የሴቶቹ ነው። ያኔውኑ ጠርገው ሄዱ። ለጥራጊ ነው የደወልክልን?»

አዛዡ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ኢንስፔክተሩ አየው። የሞተውን ሰውዬም አሰበው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እጁን ሲታጠብ፣ ያንን አንድ ቃል ሳይናገር። ሳያውቀውም አልወደደውም ነበር፣ አሁንም አልወደደውም። ግን ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ገባው፤ ይህን ስልክ መዝጋት ብቻ ነው።

«ስማኝ» አለ። «ሴቶቹን አሁኑኑ አስፈልግ። አንዲትም እንዳትፈጭ፣ አንድም ሰው እንዳይቀምስ። ለጀልባዎቹም ሰው ላክ፣ ያራገፉትን ሁሉ ይሰብስቡ። መርዝ ነው። የተቀባ የዘር ስንዴ ነው። ቢታጠብም አይለቅም። ልጅ ገድሏል።»

አዛዡ ከወንበሩ ተነሣ። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ወደ ኋላው ዞሮ የአንዲት ሴት ስም ጮኸ፤ ደግሞ ሌላ ስም ጮኸ። ወደ ስልኩ ሲመለስ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር።

«እናቴም ጠራጊ ናት» አለ። «ጠዋት ነው ይዛ የሄደችው፤ ይሄኔ ፈጭታለች። እናንተ እዚያ እያወቃችሁ፣ ምነው እስካሁን ዝም አላችሁ?»

ኢንስፔክተሩ መልስ ሊሰጠው አፉን ከፈተ፤ ከመስመሩ ግን የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ሰውየው ስልኩን ጥሎ ሮጧል።